በአሮጌ መጋረጃና በቦንዳ ኮት የቤተ መንግሥት ልብስ ስሠራ

ጅማ መርካቶ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። የዕለት ሥራዬ ማሳጠር፣ ማጥበብና ዚፕ መቀየር ነው። ባለፈው ዓመት ግን የአንድ ትምህርት ቤት የድራማ ክበብ ኃላፊ መጣና በአባ ጅፋር ዘመን ስለሚሆን ቴአትር አጫወተኝ። ባላባቶች፣ ሲራራ ነጋዴዎች፣ አሽከሮች፣ ገበያተኛ ሴቶች ሁሉ አሉበት። በጀቱ ስንት እንደሆነ ስጠይቀው ሳቀ። «አንቺ ታውቂበታለሽ፣ አብሽሪ» አለኝ። ጅማ ላይ ብር የሌለው ሰው ሁሉ «አብሽሪ» ይላል።

አዲስ ጨርቅ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ አሮጌ ፍለጋ ወጣሁ። ቦንዳ ሻጮች ጋ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ዕቃ አለ፤ ትከሻው የሰፋ፣ ፋሽኑ ያለፈበት የወንድ ሙሉ ልብስ። ጨርቁ ግን ወፍራም ነው፣ ገና ብዙ ዕድሜ አለው፣ በርካሽም ይገኛል። ከጎረቤት መጋረጃ፣ የተቀደደ ጋቢና የነተበ የሐበሻ ቀሚስ መጣልኝ። ሰፈራችን ከሚዞር አንድ ልዋጭ ጋርም ተስማማሁ። በሳፋና በጆግ የለወጠውን ልብስ ወደ ሌላ ከመውሰዱ በፊት ያሳየኛል፤ እኔም መርጬ በጥሬ ብር እገዛዋለሁ። ሁለታችንንም አዋጥቶናል።

ጨርቁን ሰብስቤ ሳልጨርስ አንድም ንድፍ አልሳልኩም። በአዲስ ጨርቅ ሲሠራ መጀመሪያ ይሳላል፣ ቀጥሎ የሚስማማው ጨርቅ ይገዛል። በአሮጌ ልብስ ግን በዚህ መንገድ ከሄድን ግማሹ ቁርጥራጭ ሆኖ ይቀራል። ኮት ውስጥ ያለው ትልቁ ጨርቅ ጀርባው ነው። ሱሪ ውስጥ ደግሞ ጭኑ። ካባው ስንት ቅድ እንደሚኖረው የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

ለሐሳቡ ጅሬን ወጣሁ። አባ ጅፋር ዳግማዊ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙበት ቤተ መንግሥት እዚያው ኮረብታው ላይ ነው። እኔ የፈለግሁት የልብስ ሞዴል አልነበረም። የእንጨት ሰገነቱን፣ የቋሚዎቹን መስመር፣ ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀበትን የእንጨት ቀለም እያየሁ ቆየሁ። ከዚያ ያመጣሁት ሁለት ነገር ነው፤ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ሽንሽንና ቡናማ ቀለም። የቴአትር ልብስ የታሪክ ፎቶ ኮፒ መሆን አለበት ብዬ አላምንም። ተመልካቹ ገና ሰውየው ከመጋረጃ ጀርባ ብቅ ሲል «ይሄ ባላባት ነው» ካለ ልብሱ ሥራውን ሠርቷል።

አሁን ወደ አሰልቺው ሥራ፣ ወደ መተርተር። ኮቱን ገልብጬ ከገበሩ እጀምራለሁ። ገበሩ ታች ጠርዙ ላይ በስስ ስፌት ስለሚያያዝ ምላጭ ሲነካው ይለቃል። ቀጥሎ እጅጌው፣ ከዚያ ኮሌታው፣ መጨረሻ ላይ የጎንና የጀርባው ስፌት። ጨርቁን ወጥሮ ይዞ በየሦስት በየአራቱ ስፌት አንዱን ክር መበጠስ ነው፤ ከዚያ ሳብ ሲያደርጉት እየተተረተረ ይሄዳል። ቸኩሎ በመቀስ የቆረጠ ሰው ስፌቱ ውስጥ የተደበቀውን ትርፍ ጨርቅ ያጣዋል። ያ ትርፍ ደግሞ ጠባቡን ኮት ሰፊ የሚያደርገው ነው። ኮቱ ሲበተን ውስጡ ፀሐይ ስላልነካው እንደ አዲስ ሆኖ ብቅ ይላል። ስለዚህ ብዙውን ገልብጬ ሰፋሁት። ድሮም ቢሆን ልብስ ሰፊዎች ኮሌታው ያለቀ ሸሚዝ ሲመጣላቸው ኮሌታውን ነቅለው ገልብጠው ይሰፉት ነበር። ዛሬ የሚጠይቅም የሚሠራም ጠፋ እንጂ።

አቆራረጡን የተማርኩት ግን ከሸማ ነው። ነጠላ ሁለት ድርብ፣ ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ሁለቱም ከሸማኔው እጅ እንደወጡ በቀጥታ ይገጣጠማሉ። መቀስ ብዙ አይነካቸውም። በተለመደው የፋብሪካ አቆራረጥ ከጨርቁ 15 በመቶ ያህሉ ወለል ላይ እንደሚቀር ይገመታል። እኔም ካባዎቹን ቀጥ ባሉ አራት ማዕዘን ቅዶች ሠራኋቸው። አንገቱን በሽንሽን ሰብስቤ፣ ብብቱ ሥር ትንሽ ካሬ ጨርቅ አስገብቼ። እጅ ሲነሳ የማይይዘው ለዚያ ነው።

ቀለሙ ላይ ጅማ መሆኔ ጠቀመኝ። የቡና አተላ በየቤቱ ሞልቷል። ጎረቤቶቼ ጀበናቸውን ሲያጥቡ በጣሳ አጠራቀሙልኝ። መጀመሪያ ግን ጨርቁ ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። አንድ ክር መዝዤ ክብሪት አስነካዋለሁ። ጥጥ ከሆነ ወረቀት ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ይረግፋል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ፖሊስተርን በቡና ማቅለም ልፋት ብቻ ነው። የጥጡን ጨርቅ በደንብ አርሼ፣ አፍልቼ ባጠለልኩት አተላ ውስጥ ዘፍዝፌ አሳድራለሁ። ደረቁን ከገባ ይዥጎረጎራል። ጠቆር ያለ ሲያስፈልገኝ የዛገ ምስማር ከነከርኩበት አቼቶ ጥቂት ጠብ አደርጋለሁ፤ ቡናማው ወደ ግራጫ ይሄዳል። ብረት ሲበዛ ግን ጥጡን ይበላዋል። የቡና ቀለም በየእጥበቱ እየለቀቀ ይሄዳል፣ ለዘወትር ልብስ አልመክረውም። ለመድረክ ግን ማን ያጥበዋል!

ቁርጥራጭ መገጣጠም ላይ ተጠንቀቁ። አንዷ ተዋናይ ገና ስታየው «ድሪቶ ልታለብሺን ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። በየቀለሙ የተጣፈ ልብስ ፈረንጅ አገር ፋሽን ሊሆን ይችላል፤ እኛ ጋ ግን የድሃና የመናኝ ነው። ለአሽከሮቹና ለመንገደኞቹ እሱን አደረግሁ፣ ሚናቸውም ነው። ለባላባቶቹ አንድ ዓይነት ቀለም፣ ትልልቅ ቅድ፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ከአሮጌው ቀሚስ የፈታሁት ጥበብ። ጥበብ ከቀሚሱ ይልቅ ዕድሜ አለው። ሸማው ሲነትብ አብሮ የሚጥለው ሰው ያሳዝነኛል። ነቅሎ አዲስ ሸማ ላይ ማስገባት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሌላው፣ ተማሪ በየዓመቱ ይቀያየራል። ስለዚህ ዚፕ አላስገባሁም፣ ማሰሪያ እንጂ። ወገቡ ይሰበሰባል፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ በሰፊው ታጥፎ በእጅ ስፌት ተይዟል። ረጅም ልጅ ሲመጣ ይለቀቃል። ያኔ ቢቆረጥ ኖሮ ዘንድሮ እንደገና ጨርቅ ፍለጋ ነበር። ዕቃው ሲቀመጥ በፌስታል ሳይሆን በጆንያ ነው፤ የጅማ ክረምት ፌስታል ውስጥ የገባን ልብስ ያሻግታል።

ትርፉን ለጠየቃችሁኝ፦ ጨርቁ ርካሽ ነው፣ ጉልበቱ ግን ውድ ነው። አንድ ኮት መተርተር አዲስ ቀሚስ ከመስፋት ብዙም አያንስም። ደምበኛ ይሄን ስለማያይ በዋጋ ይከራከራል። አሁን ዘዴ አበጀሁለት። የባሏን ኮት ለልጇ ጃኬት፣ የራሷን ቀሚስ ለልጇ ጉርድ ማድረግ የምትፈልግ ሴት ቤቷ ተርትራ ካመጣችው ቅናሽ አላት። ምላጩን አያያዝ እኔ አሳያታለሁ። ኮሌታና ትከሻ እንዳትነካ ብቻ አስጠነቅቃታለሁ፤ እሱን ለእኔ ትተዋለች። ብዙዎቹ ቡና እስኪፈላ አንድ እጅጌ ይጨርሳሉ።