በአንድ አጥር የሚዋሰኑ ሁለት ቢሮዎች

የምሠራበት ጤና ጣቢያ ከፒያሳ ወደ ታች ሲወረድ ይገኛል። የወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ከጀርባችን ነው፤ የሚለየን የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ያንን አጥር ለዓመታት ከደብዳቤ በቀር የተሻገረው አልነበረም፤ ደብዳቤውም ለመድረስ ሁለት ሳምንት ይፈጅበት ነበር።

ዓይኔን የገለጡልኝ አንዲት የስኳር ሕመምተኛ እናት ናቸው። በየወሩ ስኳራቸው ከፍ ብሎ ይገኛል፤ እኛም መጠኑን እንጨምራለን፣ እንቆጣለን። አንድ ቀን የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ተከትዬ ቤታቸው ሄድኩ። ኢንሱሊኑ በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለች ትንሽ ገንቦ ውስጥ ተቀምጧል፤ አቀማመጡ እንከን አይወጣለትም። «እማማ፣ ታዲያ ለምን አይወጉም?» ብላቸው «ልጄ፣ ምን በልቼ ልወጋ?» አሉኝ። በባዶ ሆድ መወጋት ራስን እንደሚያስት ያስተማርናቸው እኛው ነን።

በማግሥቱ አጥሩን ዞሬ ገባሁ። ስማቸው ለችግረኞች ገንዘብ ከሚሰጠው የሴፍቲኔት ፕሮግራም መዝገብ ውስጥ አለ! የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር፣ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ቋሚ የቀጥታ ድጋፍ ነበረው። ገንዘቡ የሚገባው በባንክ ነው፤ የእማማ መታወቂያ ግን ጊዜው አልፎ ነበርና ከመስኮቱ ተመለሱ። እዚያ መዝገብ ላይ «ገንዘቡን አልወሰዱም» ተብሎ ተጽፏል፣ እኛ ካርድ ላይ «መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስዱም»። መታወቂያው በሦስት ቀን ታደሰ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት የመጀመሪያ ስህተት ኮሚቴ ማቋቋም ነበር። ቃለ ጉባኤው ያምር ነበር፤ በሦስተኛው ስብሰባ ግን ሁለት ሰው ተገኘን። ትተነው ሐሙስ ጠዋት ለአንድ ሰዓት አንድ ደብተር ይዘን መገናኘት ጀመርን፦ የማኅበራዊ ጉዳይዋ ባለሙያ፣ እኔ፣ እንዲሁም የእድሩ ጸሐፊ። ማን እንደታመመ፣ ማን ጠያቂ እንደሌለው ከሁላችንም ቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነው። ደብተሩ ላይ «ምን ተደረገ» የሚል ዓምድ አለ፤ እርሱ ባዶ የሆነ ስም በሚቀጥለው ሐሙስ መጀመሪያ ይነበባል።

ሁለተኛው ስህተቴ የከፋ ነው። ለአንዲት ታካሚ ድጋፍ ስጠይቅ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ መሆኗን በደብዳቤው ላይ ጻፍኩ። ደብዳቤው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ጎረቤቷ እጅ ገባ። የ6 ወሩን ሕክምና አቋርጣ ቀረች፤ ለመመለስ ብዙ ለመንኳት። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው የሚያስፈልገውን እንጂ የሕመሙን ስም አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ ሰፈሮች ሲነሡ ደብተራችን ላይ የነበሩ ብዙዎች ወደ ከተማዋ ዳር ሄዱ። ስልካቸውን አልመዘገብንም ነበር። የሰባቱን አድራሻ ያገኘልን የእድሩ ጸሐፊ ነው፤ ወርኃዊ መዋጮ ለመክፈል አሁንም እየተመላለሱ ይመጡ ነበርና።