እትብቱ የት ይቀበራል?

ቅዳሜ ማታ፣ ቱሉ ዲምቱ

ዛሬ ጠቦት አረድን። ታናሽ እህቴ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ የእሷ ሥጋ ብቻውን በደንብ ተጠበሰ (ለብ ለብ ያለ ዱለት ለነፍሰ ጡር አይሆንም፤ አዋላጅ ነኝና ይህንንስ ዝም አልልም)። ለእኛ ጉበቱን ስከትፍ፣ ስንጥቁ ውስጥ የተጣበቀች ነጭ ጅማት ቢላዬን ያዘችብኝ።

እማዬ ሰሞኑን አንድ ጭቅጭቅ ይዛለች። "እትብቱ የት ሊቀበር ነው? ሲሚንቶ ላይ?" የእኔም የእህቴም እትብት ደብረ ማርቆስ፣ ከጓሮው ጌሾ ሥር ነው። እዚህ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የኛ የምንለው እፍኝ አፈር የለንም።

ያቺ ጅማት እኮ የእትብት ቅሪት ናት። እትብት ሲባል የሚታሰበን ተቆርጦ የሚደርቀው ነው፤ ውስጥ የቀረውን ማን ያስበዋል? ከሰው እትብት ሦስት የደም ሥሮች ሁለቱ ከሽሉ ወደ እንግዴ ልጁ ይወስዳሉ፤ አንዱ ኦክስጅንና ምግብ የያዘውን ደም ያመጣል። ይህ አንዱ በእምብርት ገብቶ መጀመሪያ የሚደርሰው ጉበት ደጅ ነው። መንገዱ እዚያ ይከፈላል። አንዱ እጅ በጠባብ አቋራጭ ጉበትን አልፎ ወደ ልብ ይገሰግሳል፤ ሌላው ጉበት ውስጥ ይቀራል። ተማሪ ሳለሁ አብዛኛው በአቋራጩ የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር። በሰው ሽል ላይ ሲለካ ግን የሚያልፈው በ20ኛው ሳምንት 30 በመቶ፣ ከ30ኛው በኋላ ደግሞ 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ጉበት ስስታም ሆኖ አይደለም፤ መቅኔ ሥራውን እስኪረከበው ድረስ የሽሉን ደም በዋናነት የሚያመርተው እሱ ነው።

ኦክስጅን ሲያጥር በአቋራጩ የሚያልፈው ይበዛል፤ ልብና አንጎል ይቅደሙ ተብሎ ጉበት ይጎድልበታል። የጎደለበት ጉበት አያድግም። በአልትራሳውንድ የሽሉን የሆድ ዙሪያ የምንለካበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ባለፈው ሳምንት የእህቴን ውጤት ስቀበል ዓይኔ መጀመሪያ የሮጠው ወደዚያች ቁጥር ነበር። ደህና ነው። ሁለቴ አየሁት።

ሕፃኑ ሲወለድ አቋራጩ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ይዘጋል፤ የውጪው እትብት ደርቆ የሚወድቀውም በዚያው ሰሞን ነው። ከእምብርት እስከ ጉበት የነበረው የደም ሥር ጅማት ሆኖ አብሮን ይኖራል።

ጅማቷን በቢላዬ ጫፍ አንስቼ ይህን ሁሉ ለእማዬ ነገርኳት። ጎንበስ ብላ አየቻት።

"በይ አውጪያት፣ ታንቃለች" አለችኝ። ቀጥላም፣ "የውስጡስ ቦታ አለው። እኔን ያስጨነቀኝ የውጪው ነው።"

አሁን በረንዳው ላይ አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ተቀምጧል። አፈር የሚያመጣልን ልጅ ነገ ይፈለጋል።