የአጎቴ ወገብ ሕመምና የመቅኔ ካንሰር መድኃኒቶች

አጎቴን እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ለወራት ወገባቸውን ሲያማቸው ሁላችንም የእርጅና ጣጣ ነው ብለን ቅባት ስንቀባቸው ከረምን። የደም ማነሳቸውና የኩላሊታቸው መድከም ከታወቀ በኋላ ግን ከመቅኔያቸው በተወሰደ ናሙና መልቲፕል ማየሎማ የተባለ የደም ካንሰር እንደያዛቸው ተነገረን። ፋርማሲስት በመሆኔ የበሽታውን ስም ባውቅም፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ አዲስ ማንበብ ጀመርሁ።

በሽታው የሚነሣው ፕላዝማ ሴል ከሚባለው፣ በጤናማ ሰው ዘንድ ፀረ እንግዳ አካላትን ከሚያመርተው ሕዋስ ነው። ሕዋሱ ካንሰር ሲሆን ፕሮቲንን ያለ መጠን ስለሚያመርት፣ የተበላሸውን ፕሮቲን እየቆራረጠ በሚያስወግደው ፕሮቲያሶም የተባለ ወፍጮ ላይ ሕይወቱ ይንጠለጠላል። እኔን እጅግ ያስደነቀኝ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥገኝነት መግቢያ በር ማድረጋቸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የተፈቀደው ቦርቴዞሚብ ወፍጮውን ሲያስቆመው፣ ሕዋሱ በራሱ ጥራጊ ታፍኖ ይሞታል። መድኃኒቱ ነርቭን ስለሚጎዳ እግርን ሊያደነዝዝ ይችላል፤ ይህን ለታማሚው አስቀድሞ አለመንገር በእኔ እምነት ከባድ ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተፈቀደው ዳራቱሙማብ በበኩሉ በሕዋሱ ገጽ ላይ በብዛት የሚገኘውን ሲዲ38 የተባለ ፕሮቲን ለይቶ ይይዛል።

ለመርፌ አዲስ አበባ መመላለስ ለሚከብደው የድሬዳዋ ሰው ግን ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው በቤት የሚዋጠው ሌናሊዶማይድ ነው። መድኃኒቱ የካንሰሩ ሕዋስ የሚተማመንባቸውን ሁለት ፕሮቲኖች፣ ኢካሮስንና አዮሎስን፣ ለዚያው ወፍጮ አሳልፎ ይሰጣል። አጎቴ 21 ቀን ይውጣሉ፣ 7 ቀን ያርፋሉ፤ አክስቴም በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ እያንዳንዱን ቀን በእስክሪብቶ ያሰምራሉ።