ለአራስ ቤት ከሚቋጠረው ለነፍሰ ጡሯም ይቆረስላት

ባሕር ዳርም ሆነ በጣና ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች አንዲት ሴት መፀነሷ ከታወቀ ጀምሮ ቤቱ ለአራስነቷ መቋጠር ይጀምራል። ለገንፎ የሚሆነው ገብስ ይለቀማል፣ ቅቤ ይነጠራል፣ ማር ይቀመጣል፤ አቅም ያለው ሙክት ያስራል፣ የሌለው ዶሮ ይቀልባል። ይህ ሁሉ የሚጠብቀው የምጡን ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ነፍሰ ጡሯ እንደ ወትሮዋ ትጋግራለች፣ እንጨትና ውሃ ትሸከማለች፣ ወደ ገበታም የምትቀርበው መጨረሻ ላይ ነው። አራስን መጦር ከባህላችን ደጉ ክፍል ነው። ነገር ግን የሕፃኑ አንጎል፣ አጥንትና ደም መሠራት የሚጀምረው ገንፎው ከመገንፋቱ በፊት ነው። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ሕፃኑ ከእናቱ አይረን (ደም የሚሠራበትን ማዕድን) እየወሰደ፣ ከተወለደ በኋላ ለስድስት ወር ገደማ የሚበቃውን ያከማቻል። በጡት ወተት ውስጥ ያለው አይረን ትንሽ ስለሆነ ያን ጊዜ ያላገኘውን በኋላ በቀላሉ አይተካውም።

ስለዚህ ገንዘብ ለሚያጥረው ቤት የምለው ይህን ነው፦ አዲስ ወጪ ከመፈለጋችሁ በፊት ከተቋጠረው ከዐሥር እጅ አራቱን ከስድስተኛው ወር ጀምሮ አውጡት። ቅቤውን በምሳሌ እንየው። በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 14 ግራም ያህል ነው፤ ለመጨረሻዎቹ 12 ሳምንት ቢሰላ 1 ኪሎ ከ200 ግራም አይሞላም። ይህች አንድ ማንኪያ ብቻዋን 120 ካሎሪ ያህል ትሰጣለች፤ በሽሮው ወይም በገንፎው ላይ ጠብ ስትል ምግቡ ሳይበዛ ጉልበቱ ይጨምራል። ዶሮዋም ታርዳ አንድ ቀን ከምትበላ፣ እየጣለች ሳለ ብትጠቅም ይሻላል። የሀበሻ ዶሮ በአንድ ዙር ከ10 እስከ 15 እንቁላል ትጥላለች። ሁሉም ገበያ ከመውጣቱ በፊት ግማሹ ለነፍሰ ጡሯ ቢቀር፣ ዙሩ እስኪያልቅ በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ እንቁላል ይደርሳታል ማለት ነው።

የሚጨመረው መጠን ሰው እንደሚፈራው ብዙ አይደለም። ለሁለት መብላት ማለት እጥፍ መብላት አይደለም። ከአራተኛው ወር ጀምሮ በቀን 340 ካሎሪ፣ ከሰባተኛው ወር በኋላ ደግሞ 450 ገደማ ይበቃል፤ የጤና ባለሙያዎችም «በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ግማሽ እንጀራ ከአንድ ጭልፋ ወፍራም የምስር ወጥ ጋር፣ በላዩም አንድ ሙዝ ሲጨመር ወደዚያ ይጠጋል። አንድ ኩባያ በሶ በዘይት ወይም በማር ተለውሶም ይተካዋል።

ይህ ተጨማሪ ምግብ የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ በመጠኑ ሳይሆን በሰዓቱ ነው። ማታ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ትሪ ሲቀርብ ለልጆቹና ለአባወራው ትታ ትነሣለች። ቃር የሚያስቸግራት ከሆነ ደግሞ ማታ ብዙ መብላት አትችልም። ስለዚህ ወጡ ከድስት ሲወጣ፣ ትሪው ከመቅረቡ በፊት፣ የእሷ ድርሻ በተለየ ዕቃ ተከድኖ ይቀመጥና ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ትብላው። ይህን ማድረግ የሚችለው ደግሞ ማጀቱን የያዘ ሰው ነውና ብዙ ጊዜ ነገሩ በአማት ወይም በእናት እጅ ነው። ባልም «በልታለች?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ምግቡ ተለይቶ መቀመጡን ቢያይ ይበልጥ ይረዳታል።

አንዳንድ ቤት ጎመን፣ ተልባ፣ ወተት፣ ሙዝና እንቁላል «ልጁ ላይ ይለጠፋል» ተብሎ ይከለከላል። ሕፃኑ ሲወለድ ቆዳው ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ከራሱ ቆዳ የሚወጣ ቅባት ነው፤ እናትየው ምንም በላች ምን ይኖራል፣ ቆዳውንም ይጠብቃል። «ልጁ ገዝፎ ምጥ እንዳይከብዳት» ተብሎ የሚቀነስባት ምግብም ጉዳቱ በሁለቱም ላይ ነው፦ ሕፃኑ ከክብደት በታች ሆኖ ይወለዳል፣ እሷም ደሟ አንሶ ስለምትደርስ በወሊድ ጊዜ የሚፈሰውን ደም መቋቋም ያቅታታል።

ከሐይቁ የሚገኘው

«ሥጋ፣ ወተት፣ ዓሣ ብዪ» የሚለው ምክር ገንዘብ ለሌላት ሴት ምንም አይረዳትም። ባሕር ዳር ላይ ግን አንድ የተለየ ዕድል አለ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ፊሌት (አጥንት የሌለው ሥጋው) ሲወጣለት ጭንቅላቱና የጀርባ አጥንቱ ይቀራል፤ ይህም ከፊሌቱ እጅግ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ጉንጩና ከአጥንቱ ጋር የተጣበቀው ሥጋ ከፊሌቱ ያላነሰ ፕሮቲን አለው። የአምባዛ ጭንቅላትም ትልቅ ስለሆነ ለአንድ ቤት ሾርባ ይበቃል።

ሲገዛ የጠዋቱ ይመረጣል። ዓይኑ ጥርት ያለና ያልጎደጎደ፣ ስንጥቡ ደማቅ ቀይ መሆን አለበት፤ ስንጥቡ ቡናማ ከሆነ፣ ሥጋውም ሲጫኑት ጎድጉዶ ከቀረ አይገዛም። ቤት እንደደረሰ ስንጥቡ በሙሉ በቢላ ተቆርጦ ይወጣል፤ ሾርባው የሚመረውና የሚሸተው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ሲቀር ነው። ሁለት ጭንቅላትና ሁለት አጥንት በጨውና በሎሚ ታሽቶ ይታጠባል። አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት በሁለት ማንኪያ ዘይት ይቁላላል፣ ሁለት ቲማቲምና ሦስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል፤ ከዚያ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ፈልቶ ዓሣው ይጨመራል። መካከለኛ እሳት ላይ 25 ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ሲቆይ አጥንቱ ተሰባብሮ ሾርባው ውስጥ ይበተናልና ለመለየት ያስቸግራል። ዓሣው ወጥቶ ሥጋው በእጅ ይለቀማል፣ ሾርባው በወንፊት ይጠለላል፣ ሥጋው ይመለስበትና አንድ እፍኝ የተከተፈ ጎመን ገብቶ አምስት ደቂቃ ይንተከተካል። ሎሚው ከእሳት ከወረደ በኋላ ይጨመቅበታል፤ ቫይታሚን ሲ ሙቀት ስለሚያጠፋው ነው። የዓሣው ሥጋ የራሱን አይረን ከመስጠቱ ሌላ በጎመኑና በእንጀራው ውስጥ ያለውን አይረንም ሰውነት በደንብ እንዲወስድ ያግዛልና በሳምንት ሁለት ቀን ይህ ሾርባ ቢገኝ ትልቅ ነገር ነው። ያልበሰለ ዓሣና ጥሬ ሥጋ ግን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ወተትም ሳይፈላ አይጠጣም።

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ከቤት ቤት ይለያያል፣ እኔም አልፈርድበትም። ቤተ ክርስቲያን ነፍሰ ጡርን በጾም እንደማታስገድድ ግን የታወቀ ነው፤ ሕሊናዋ የማይፈቅድላት ሴት ከንስሐ አባቷ ጋር ብትነጋገር ብዙ ጊዜ መፍትሔ ታገኛለች። መጾም እፈልጋለሁ ካለች ሁለቱን ነገር መለየት ይጠቅማል፦ ከቅባትና ከሥጋ መከልከል አንድ ነው፣ እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ መቆየት ሌላ ነው። ይበልጥ የሚጎዳት ሁለተኛው ነው፤ ያዞራታል፣ ያስመልሳታል። ሰዓቱን ትታ የጾም ምግብ ብትበላ እንኳ የሁዳዴው 55 ቀን ረጅም ነው፤ ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ ነውና በፍስኩ ቀን እንቁላሉና ዓሣው አይቅርባት።

ቡናው፣ ክኒኑና ሎሚው

ከምሳ ቀጥሎ ቡና ይፈላል፣ የዘጌ ቡና ደግሞ በደጃችን ነው። ችግሩ የሚጠጣበት ሰዓት ነው። ቡናና ሻይ ውስጥ ያለው ነገር በምስሩና በጎመኑ ያለውን አይረን አንጀት ውስጥ እያለ ይይዘዋል፤ የተበላው ሳይጠቅም ይወጣል። አቦሉ ከምግቡ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ቢርቅ፣ ጠቅላላውም በቀን ከሁለት ሲኒ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከምግቡ ጋር ሎሚ፣ ዘይቱን (ጉዋቫ)፣ ፓፓያ ወይም ማንጎ ብትቀምስ ደግሞ የሚወሰደው አይረን ይጨምራል። ቡናን ከምግብ ማራቅ ሳንቲም አያስወጣም፤ የብዙ ሴቶች የደም ማነስ በዚህ ብቻ ባይድንም ይቀልላል።

ጤና ጣቢያ የሚሰጠው የአይረን ፎሊክ ክኒን 60 ሚሊ ግራም አይረንና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ አለው። በቀን አንድ፣ ቢያንስ 90 ቀን፣ ቢቻል ስድስት ወር ይወሰዳል። ሴቶች የሚያቋርጡት ስለሚያቅለሸልሻቸውና ሆድ ስለሚያደርቅ ነው። ማታ ከእራት በኋላ በውሃ ወይም በሎሚ ውሃ ሲወሰድ ማቅለሽለሹ ይቀንሳል፤ በሻይና በወተት አይወሰድም። ሰገራ መጥቆሩ የተለመደ ነውና አያስደነግጥ። ክኒኑ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ፤ ትንሽ ልጅ ጥቂት ፍሬ ቢውጥ ሊሞት ይችላል። አፈር፣ የግድግዳ ጭቃ ወይም ከሰል ካማራት ደግሞ አምሮት ነው ተብሎ አይታለፍ። ብዙ ጊዜ የአይረን ማነስ ምልክት ነውና ደሟ ይለካ፤ ሄሞግሎቢኗ ከ11 በታች ከሆነ ሕክምና ያስፈልጋታል።

ጣና ዳር ደም የሚያንሰው በምግብ ብቻ አይደለም። በሩዝ ማሳና በረግረግ ባዶ እግር መሄድ የመንጠቆ ትል ያስገባል፤ ትሉ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። የትል መድኃኒት ከሦስተኛው ወር በኋላ በጤና ባለሙያ ይሰጣል፤ ቢልሃርዝያም ይመርመር። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ይበረታልና አጎበሩ ከሁሉ በፊት የእሷ ይሁን። ትሉና ወባው ሳይታከሙ ምግብ ብቻ ቢጨመር የተጨመረው ይባክናል።

እህሉን ማሰባጠር

ጤፍ ሲወደድ ብዙ ቤት የፎገራን ሩዝ ዱቄት እየቀላቀለ ይጋግራል። የተፈተገ ነጭ ሩዝ ጉልበት ይሰጣል እንጂ አይረኑም ካልሲየሙም ትንሽ ነው፤ ለነፍሰ ጡር ግማሽ በግማሽ ሲሆን ይጎዳል። በሩዙ ግማሽ ፈንታ ዳጉሳ ይግባ። ለጠላና ለአረቄ የሚሄደው ዳጉሳ በ100 ግራም ወደ 340 ሚሊ ግራም ካልሲየም አለው፤ ከሌሎቹ እህሎች የሚበልጥ ነው። የካልሲየም እጥረት ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ከሚመጣው የደም ግፊት ጋር ይያያዛል። ሁለት እጅ ጤፍ፣ አንድ እጅ ዳጉሳ፣ አንድ እጅ ሩዝ ጥሩ እንጀራ ይወጣዋል። ሊጡ በእርሾ ሦስት ቀን ይብላላ፤ መብላላቱ አይረንን አስሮ የሚይዘውን ነገር ይሰብረዋል። ጠላው ግን ለእሷ አይቀዳላት።

ሽሮው ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጓያ ርካሽ ስለሆነ በክረምት ከሽሮ ጋር ይቀላቀላል። ለሁለት ሦስት ወር ዋና ምግብ ከሆነ እግር ያሽመደምዳል፣ አይመለስም፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ በደንቢያና በፎገራ ብዙ ሰው እንዲሁ ተጎድቷል። ሌላ ከሌለ ክኩ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ይደፋ፣ ባቄላ ወይም ሽምብራም ይቀላቀልበት። ግብጦም ፕሮቲኑ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ተቀቅሎ ውሃው እየተለወጠ ለበርካታ ቀናት ካልተዘፈዘፈ መርዛማ ነው። ምላስ ላይ ከመረረ ገና ነው።

እህሉ የሚያልቀው ከሰኔ እስከ መስከረም ነውና ስድስተኛው ወር በእነዚህ ወራት የሚገባባት ሴት ቀድማ ታስብበት፤ የምስርና የሽምብራ ድርሻዋ ጥር ላይ ሲረክስ ተለይቶ ይቀመጥ። ጎመን በከረጢት አፈር ደጅ ላይ ቢተከል በክረምቱ ውሃ አይፈልግም።

የግራ ክንዷ በትከሻና በክርን መካከል ሲለካ ዙሪያው ከ23 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ተጎድታለች ማለት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በሜትር ትለካታለች፤ ተጨማሪ ዱቄት ወይም ዘይት ካለ ትመዘግባታለች። የተሰጠው ለመላው ቤተሰብ ከተከፋፈለ ግን ክንዷ አይሞላም። በሴፍቲኔት (ምግብ የሚያጥረው ቤት በማኅበረሰብ ሥራ ክፍያ የሚያገኝበት የመንግሥት መርሐ ግብር) የታቀፈች ከሆነችም ከጉልበት ሥራው ወጥታ ክፍያው እንዲቀጥልላት መርሐ ግብሩ ይፈቅዳል፤ ለዚህ ከጤና ጣቢያ የእርግዝና ማረጋገጫ ይዛ መሄድ አለባት። የመጀመሪያው ክትትል ከሦስተኛው ወር በፊት ቢሆን ይህ ሁሉ ይቀድማል።

የአራስ ቤቱን ስንቅ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አትጨርሱት። ስታጠባ በቀን ሁለት ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታልና የቀረው ስድስት እጅ የዚያ ጊዜ ነው።