የጤና ጉድለት ጡረታ አበል የተፈቀደልኝ በምን መንገድ ነው?

በማስተማር ሥራ ላይ 15 ዓመት ከሞላኝ በኋላ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፋቸው ፊደላት እያነሱ ሄዱ። መስመሩን በደህና ጀምሬ ወደ ቀኝ ጫፍ ስደርስ ጽሑፉ ጉንዳን ያክላል፤ ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎችም “መምህር፣ አይነበብም” ይሉኝ ነበር። ሐኪሙ ሕመሙ ፓርኪንሰን መሆኑን ነገረኝ። መድኃኒቱ ሁለት ዓመት ያህል ደግፎ አቆየኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን የአንዱ ክኒን ኃይል አልቆ ሌላው መሥራት እስኪጀምር ድረስ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እግሬም ከወለሉ ጋር እንደ ተጣበቀ ይቀራል።

መጀመሪያ የወሰንኩት በገዛ ፈቃዴ ሥራ ለመልቀቅ ነበር። የመልቀቂያ ደብዳቤውን ይዤ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስሄድ የሰው ሀብት ባለሙያዋ አነበበችውና መልሳ ሰጠችኝ። “መምህር፣ ይህን ካስገቡ ዕድሜ ልክ የሚከፈል አበል ያጣሉ” አለችኝ። በ2010 ዓ.ም. ጉዳዬ ሲታይ በሥራ ላይ በነበረው በአዋጅ ቁጥር 714/2003 መሠረት በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ የጡረታ አበል የሚያገኘው ቢያንስ 20 ዓመት ካገለገለ ነበር፤ ያውም የጡረታ ዕድሜው ሲደርስ። በጤና ጉድለት ለሚሰናበት ግን 10 ዓመት ይበቃዋል፣ አበሉም 60 ዓመት እስኪሞላው አይጠበቅም። እኔ በወቅቱ 18 ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ነበር የቀረኝ። ያን ቀን እሷን ባላገኝ ኖሮ የሚደርስብኝን ሳስብ ዛሬም ይከብደኛል።

የአገልግሎት ዘመኑ ከተሟላ ቀሪው የጤናው ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። መታመሜን የሚገልጽ ማስረጃ በእጄ ስለ ነበር ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሕጉ የሚጠይቀው ግን የበሽታውን ስም ሳይሆን፣ ሠራተኛው ደመወዝ የሚያስገኝ ማናቸውንም ሥራ ለመሥራት የሚያበቃ ጤና ያለው መሆን አለመሆኑን ነው። የሕክምና ቦርድ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረብኩት ክኒኑን ከዋጥኩ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ማለትም ሰውነቴ ከቀኑ ሁሉ በተሻለ በሚታዘዝልኝ ጊዜ ነበር። የሸሚዜን ቁልፍ ፈታሁ፣ ቆለፍኩ፣ ከወንበር ተነሣሁ። ውሳኔው ቀላል ሥራ ይሰጠው የሚል ሆነና ወደ ቤተ መጻሕፍት ተዛወርኩ። ቦርዱ በዚያ ሰዓት ባየው መሠረት በመፍረዱ ልወቅሰው አልችልም።

በቤተ መጻሕፍቱ በቆየሁባቸው አራት ወራት በየቀኑ ማስታወሻ ያዝኩ፤ መድኃኒት የወሰድኩበትን ሰዓት፣ እጄ መሥራት ያቆመበትን ሰዓት፣ ያቋረጥኩትን ሥራ ጭምር እጽፍ ነበር። የመጻሕፍት መመዝገቢያው ራሱ ምስክር ሆነኝ፤ የጠዋቱ ጽሑፍ ይነበባል፣ ከቀትር በኋላ ያለው ግን ስምና ቁጥሩ አይለይም። ርእሰ መምህሩም ሥራው ቀሎልኝ እንኳ መሥራት አለመቻሌን የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፉልኝ። ሁለተኛ ጊዜ ስቀርብ ማስታወሻውን፣ የመዝገቡን ቅጂና ደብዳቤውን አያይዤ፣ ክኒኑን የዋጥኩበትን ሰዓት ሳልጠየቅ ተናገርኩ። ከሐኪሞቹ አንዱ “እስኪ አንድ ዓረፍተ ነገር አምስት ጊዜ ይጻፉልኝ” አሉኝ። አምስተኛውን መስመር እኔም ማንበብ አልቻልኩም። ቦርዱ በዚያው ሳምንት መሥራት እንደማልችል ወሰነ። መድኃኒት ሳይወስዱ መቅረብን ማንም እንዳይሞክረው እለምናለሁ፤ አደገኛ ነው፣ አስፈላጊም አይደለም።

ቀጣዩ ጣጣ የግል ማኅደሬ ነበር። ሥራ ስጀምር ሁለት ዓመት ያገለገልኩበት ሌላ ወረዳ የቅጥር ደብዳቤዬን ሳያስተላልፍ ቀርቶ ኖሮ አገልግሎቴ 16 ዓመት ብቻ ተብሎ ተያዘ። አበሉ የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው፤ ለ10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ ሆኖ፣ ለሲቪል ሠራተኛ ከ10 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። በ16 ዓመት 37.5 በመቶ፣ በ18 ዓመት 40 በመቶ ይሆናል ማለት ነው። ልዩነቱ በየወሩ፣ እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ የሚቀጥል በመሆኑ ሁለት ጊዜ ተመላልሼ፣ የቅጥሩን ደብዳቤና ከደመወዜ የጡረታ መዋጮ የተቆረጠበትን የክፍያ ሰነድ አስፈልጌ አስመዘገብኩ።

በሥራ ላይ በደረሰ አደጋ የተጎዳ ሠራተኛ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው፤ እሱ የሚታየው በጉዳት ጡረታ ድንጋጌዎች እንጂ በ10 ዓመት መለኪያ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 714/2003 በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ስለ ተተካም ዛሬ የሚያመለክት ሰው አዲሱን አዋጅ ማንበብ ይኖርበታል።

ባለፈው ዓመት አንዲት የቀድሞ ባልደረባዬ በኩላሊት ሕመም ምክንያት ሥራ ለማቆም ስትገደድ በማኅደሯ የተመዘገበው አገልግሎት 9 ዓመት ከ7 ወር ሆኖ ተገኘ። በዚህ ከሄደ የሚደርሳት አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ዳረጎት ብቻ ነው። ከማስተማሯ በፊት በሌላ መሥሪያ ቤት በቋሚነት ለአንድ ዓመት ያህል ሠርታ እንደ ነበር ስትነግረኝ፣ በማግስቱ የቅጥር ደብዳቤዋን ፍለጋ አብረን ወደዚያው ሄድን።