እማዬን እምቢ ያልኩበት ማመልከቻ

አባቴ ባረፈ በሁለተኛው ወር እማዬ ቡና አፍልታ ጠራችኝ። ቤታችን ፒያሳ አጠገብ፣ ጣሊያን ሰፈር ነው። ሁለተኛው ሲኒ ላይ ነገሩን አነሳችው። የወራሽነት ማረጋገጫ ልናወጣ ነው፤ ማመልከቻው ላይ "ሟች ሁለት ልጆች አሏቸው" ተብሎ ይጻፍ። እኔና ወንድሜ ማለት ነው። ከእድሩ ሁለት ምስክሮች ሳይቀር አናግራ ጨርሳለች።

እኛ ግን ሦስት ነን። አባቴ ከትዳሩ ውጪ የወለዳት እህት አለችን። ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጣ ስታለቅስ አይቻታለሁ።

ያኔውኑ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ "እሺ፣ እናያለን" እያልኩ አድበሰበስኩ፤ እማዬም እሺታ አድርጋ ያዘችው። ቀጥሎ የባሰ ጥፋት አጠፋሁ። አጎቴ ባለበት "እኔ በሐሰት አልምልም" አልኳት። ፊቷ ልውጥ አለ። "ያጠባሁሽ ጡት ይፍረደን" ብላ ተነስታ ጓዳ ገባች። ይሄን ከእናቱ አፍ የሰማ ያውቀዋል። ሌሊቱን አልተኛሁም።

በነጋታው ጊዮርጊስ ሄጄ የንስሐ አባቴን አገኘሁ። "አባትህንና እናትህን አክብር" ብለው የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ኤፌሶን ምዕራፍ 6ን አነሱልኝ፦ "ለወላጆቻችሁ በጌታ ታዘዙ።" "'በጌታ' የምትለዋን አትዝለያት" አሉኝ። "'በሐሰት አትመስክር'ም ያለው እዚያው ዐሥርቱ ትእዛዛት ውስጥ ነው።"

ከዚያ ጠበቃ የሆነች ጓደኛዬን ጠየቅኳት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በጋብቻም ሆነ ከጋብቻ ውጪ የተወለደ ልጅ እኩል ይወርሳል። ይሄን እጠረጥር ነበር። ያላሰብኩት ሌላውን ነው። ቤቱ በትዳር ውስጥ የተፈራ ስለሆነ ግማሹ ድሮም የእማዬ ነው፤ ውርስ ውስጥ አይገባም። ሦስታችን የምንካፈለው የአባቴን ግማሽ ብቻ ነው። ለእያንዳንዳችን ከስድስት አንድ እጅ።

ብቻዋን ስትሆን ጠብቄ ቤቱን ወረቀት ላይ ስዬ አሳየኋት። ብዙ ዝም አለች። "ታዲያ ያቺ ልጅ ከቤቴ አታስወጣኝም?" አለችኝ።

ለካ ይሄን ያህል ፈርታ ኖሯል! ስንት ቀን ስለ እውነትና ሐሰት ስሰብካት፣ ምን እንደሚያስጨንቃት አንዴም አልጠየቅኳትም።

እማዬ በሕይወት እስካለች ቤቱ እንዳይሸጥ እኔና ወንድሜ ፈረምንላት። እህታችንን አንድ ካፌ ውስጥ አግኝቼ ለመንኳት፤ እሷም ፈረመች። ማመልከቻው በሦስት ስም ፍርድ ቤት ገባ። ከምስክሮቹ አንዱ "እኔም ለእናትሽ ይሉኝታ ብዬ እንጂ..." ብለው እፎይ አሉ።

እማዬ ግን ይቅር ብላኛለች ማለት አልችልም። እሁድ እሁድ እሄዳለሁ፣ ጉልበቷን እስማለሁ፣ የደም ግፊት መድኃኒቷን እገዛላታለሁ። ስደውልላት እስከዛሬ "አቤት፣ ዐቃቤ ሕግ!" ብላ ነው ስልኩን የምታነሳው።