ከእንጦጦ እስከ አቡነ ዮሴፍ፦ የእርምጃና የእስትንፋስ ማስታወሻ

የጉዞ ደብተሬ በየገጹ ጥግ ላይ አንድ ቁጥር አለው፤ በአንድ እስትንፋስ ስንት እርምጃ እንደሄድኩ። እንጦጦ 4፣ የዝቋላ ወገብ 3፣ ከላሊበላ በላይ ባለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍ ሥር 1። ተራራ መውጣት የጀመርኩ ሰሞን የምጽፈው ሰዓቱን ነበር፦ በስንት ደቂቃ እንደወጣሁ፣ ከቡድኑ ማንን እንደቀደምኩ። ያንን ትቼ እስትንፋሴን መቁጠር ከያዝኩ ወዲህ የወጣኋቸው ተራሮች ሁሉ ሌላ ሆነውብኛል፤ ስለዚህ እንደኔ ጀማሪ ለሆናችሁ ላካፍላችሁ።

መለማመጃዬ እንጦጦ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ እሁድ እሁድ ከሽሮ ሜዳ እነሳና እስከ እንጦጦ ማርያም እወጣለሁ። አናቱ 3,200 ሜትር ገደማ ስለሆነ ለአዲስ አበባ ልጅ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ያኔ ግን የተማርኩት ፍጥነት ብቻ ነበር።

ስህተቴን ያየሁት ዝቋላ ላይ ነው፤ ጥቅምት 5 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ክብረ በዓል ከሚወጣው ሕዝብ ጋር። ዝቋላ 2,989 ሜትር ነው፤ አናቱ ላይ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ሐይቅና ገዳሙ አሉ። ከሥሩ ስንነሳ አንዲት በእርጅና የጎበጡ እናት ጎን ነበርኩ። ጥያቸው ሄድኩ። ትንሽ ቆይቶ ደክሞኝ ድንጋይ ላይ ስቀመጥ ደረሱብኝ፤ አለፉኝም። ተነስቼ እንደገና ቀደምኳቸው፣ እንደገና ተቀመጥኩ። አምስት ስድስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። እሳቸው አንዴም አልቆሙም፤ ዱላቸውን ይተክላሉ፣ «አቦ፣ አቦ» ይላሉ፣ ይራመዳሉ። በመጨረሻው ዳገት ላይ ዞር ብለው «ልጄ፣ ትንፋሽሽን ጠብቂው እንጂ አታባርሪው» አሉኝ። ከኔ ቀድመው ገቡ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ይኸው ሆነ። አየር ስስብና ሳስወጣ ስንት እርምጃ እንደምሄድ እቆጥራለሁ፤ ዳገቱ ሲጠና እርምጃውን እቀንሳለሁ እንጂ አልቆምም። መለኪያው ቀላል ነው፦ አጠገቤ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተኝ ፈጥኛለሁ ማለት ነው።

ትልቁ ጉዞ ጥር ላይ መጣ። ጥምቀትን ላሊበላ አከበርንና ሰኞ ጥር 13 ማለዳ ወደ አሸተን ማርያም ተነሳን፤ ሦስት ጓደኛሞች፣ አንድ አስጎብኚ፣ አንድ ባለ በቅሎ። ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አሸተን ከ3,000 በላይ። መንገዱ የእርከን ማሳ እያቋረጠ ወጥቶ ከገደሉ ጋር ይጣበቃል፤ መጨረሻው ላይ ዓለቱን ሰንጥቆ የሚያልፍ ጠባብ መተላለፊያ አለ። በትውፊት ከንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ጋር የሚያያዘው ቤተ ክርስቲያን ከራሱ ከዓለቱ የተፈለፈለ ነው። ከመግባታችን በፊት ደጁ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ አረፍን። ይህን ለሁላችሁም እመክራለሁ፤ በላብ ተጠምቆ ቁና ቁና እየተነፈሱ ወደ ጸሎት ቤት መግባት ለራስም ለቤቱም አይሆንም። ጫማችንን አወለቅን፣ ነጠላዬን አስተካከልኩ። «ይፍቱኝ አባቴ» ስል ቄሱ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው በመስቀሉ ባረኩኝ። የብራና መጻሕፍቱን አውጥተው ገጽ በገጽ አሳዩን። ፎቶ ካነሳችሁ ፈቃድ ጠይቁ፣ ፍላሹን አጥፉ፤ ቀለሙ ስንት ዘመን የቆየ ነው። ባዶ እጃችሁንም አትሂዱ፦ ጧፍና ዕጣን ከታች ገበያ ይገኛል፣ ክብደት የለውም፣ ሽቅብ ተሸክሞ የመጣ ሰው ሲሰጣቸው ደግሞ ደስታቸው ከፊታቸው ይነበባል።

ችግሩ ከአሸተን በኋላ መጣ። ሰውነቴ ቀሎኝ ስለነበር ወደ ሁዳድ ሜዳ ስንወጣ ቆጠራዬን ተውኩ። ውሃም በቅጡ አልጠጣሁም፤ ብርድ ስለሆነ አልጠማኝም ነበር። ማታ አንድ ገበሬ ቤት ደረስን። «የመሸብን እንግዶች ነን» ሲል አስጎብኚያችን፣ ባለቤቲቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» አሉ። እሳት ዳር አስቀመጡን፣ የገብስ እንጀራ በሽሮ አቀረቡ። እኔ ግን መጉረስ አቃተኝ። ግንባሬ እንደ ከበሮ ይመታል፣ ሆዴ ይገላበጣል፣ ሌሊቱን ስገላበጥ አነጋሁ።

የከፍታ ሕመም ነው። አዲስ አበባ መኖር ያግዛል እንጂ አያድንም። ከ3,000 ሜትር በላይ የተለመደው ደንብ የማደሪያን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ነው። ራስ ምታት ካለ ወደ ላይ አይኬድም። ምታቱ ከባሰ፣ ሰው እንደ ሰከረ መንገዳገድ ከጀመረ፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ሌሊትም ቢሆን ወዲያው መውረድ አለበት፤ ጎህ እስኪቀድ አይጠበቅም። የእኔ እዚያ አልደረሰም። ማክሰኞን እዚያው ዋልኩ።

ያ ቀን ከጉዞው ሁሉ የማልረሳው ሆነ። ውድማው ላይ ገብስ ይወቃል፤ በሬዎቹ ይዞራሉ፣ ልጆች ከኋላ ይከተላሉ። የቤቱ ልጅ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ውሃ የሞላ ጀሪካን አዝላ ከምንጩ ሽቅብ እየዘፈነች መጣች። እየዘፈነች! እኔ እዚያው ዳገት ላይ ባዶ እጄን ስሜን መናገር ያቅተኝ ነበር።

ከተመለስኩ በኋላ ምክንያቱን ፈልጌ አነበብኩ። በ2002 እ.ኤ.አ. ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ከባልደረቦቻቸው ጋር በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን አሳትመዋል። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች ሂሞግሎቢናቸው፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር፣ ይጨምራል፣ ደማቸው ይወፍራል። የቲቤት ሰዎች ሂሞግሎቢን ያን ያህል አይጨምርም፣ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ግን ዝቅ ያለ ነው። የእኛ ደገኞች ሁለቱም ልኬት በባሕር ጠለል አቅራቢያ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። ሦስት ተራራ፣ ሦስት የተለያየ መላ። ይህን ሳነብ ያቺ ልጅ ከነጀሪካኗ ፊቴ ላይ መጣች።

ረቡዕ ምታቱ ሙሉ በሙሉ ለቀቀኝ፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳን። ጾም ስለነበር ለመንገድ በሶና ቆሎ ያዝን። ጓሳው በውርጭ ነጥቷል፣ ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል። ፀሐይ ስትወጣ በገደል ያደሩ ጭላዳዎች መንጋ እየሆኑ ወደ ሜዳው ብቅ አሉ፤ ከዚያ ወዲያ የገብስ ማሳው ቀርቶ ጅብራ ብቻ ቆሞ ይታያል። አንድ ቀይ ቀበሮ በሩቁ ጉድጓድ ለጉድጓድ አይጥ ሲያደባ አየን። ከዚያ ወሬ አቆምን። 2 እርምጃ፣ በኋላ 1፣ በመጨረሻው ዳገት ለአንድ እርምጃ ሁለት እስትንፋስ። የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ 4,260 ሜትር ነው፤ እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ላይ ስደርስ ግን ራሴን አላመመኝም፣ አልተቀመጥኩም። ቆሜ ላስታን በሙሉ አየሁት።

ቁልቁለቱ ለጉልበት ከዳገቱ ይከፋል፤ ዱላ ሳትይዙ አትነሱ። ፊቴም በፀሐይ ተልጦ ነበር፤ ብርዱ ፀሐዩን ያስረሳል፣ ባርኔጣና ቅባት ያስፈልጋል።

መጋቢት 5 ዝቋላ ተመልሼ ወጣሁ። ያቺን እናት በዓይኔ ብፈልጋቸውም አላገኘኋቸውም። 3 ብዬ ጀመርኩ፣ 3 ብዬ ጨረስኩ፣ አንዴም አልተቀመጥኩም። ቀጣዩ ራስ ደጀን ነው፣ 4,533 ሜትር። ከእናንተ በቧሒት በኩል የሄደ ካለ፣ ጨነቅ በሚባለው የማደሪያ ካምፕ ስንት ሌሊት እንዳደረና ራሱን አሞት እንደነበር ይንገረኝ።